አበሉን ቀንሳችሁ ቁጠሩ

ውድ ልጆቼ፣

ረጅም ዘመን የደመወዝ ሒሳብ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ተቀጣሪ ቢሮዬ ሲገባ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነበር፤ «በወር እጄ ላይ ስንት ይገባል?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ኪራይ የሚከፈለው እጅ ላይ በገባው ነውና። ከዚያ ውስጥ የቱ ደመወዝ፣ የቱ አበል እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነበር።

ደመወዝ የሥራችሁ ዋጋ ነው። አበል ግን ከአንድ ምክንያት ጋር ታስሮ ይመጣል። የቤት አበል የምታገኙት መኖሪያ ስላልተሰጣችሁ ነው። የኃላፊነት አበል ደግሞ ወንበሩ ላይ እስካላችሁ ድረስ ነው። ምክንያቱ ሲነሣ ገንዘቡም ይነሣል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ተመልከቱ። ሠራተኞቹ የሚመደቡባቸውን ቦታዎች በኑሮ ክብደታቸው ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ በጣም አስቸጋሪው «ኢ» ይባላል። የቦታው ኑሮ ሲሻሻል ደረጃው ይቀየራል፣ አበሉም አብሮ ይቀንሳል። ሥራው ያው፣ ሰውየውም ያው ነው።

ሁለት ሥራ አማርጡ ብትባሉ በስሌት እንየው። አንዱ 60 ደመወዝና 40 አበል፣ በድምሩ 100 ይከፍላል። ሌላው 90 ደመወዝና 5 አበል፣ በድምሩ 95። ብዙዎቻችሁ ወደ 100ው ትሮጣላችሁ። ነገር ግን ጭማሪ በመቶኛ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በደመወዙ ላይ ብቻ ነው፤ አበሉ አይነካም። ሁለቱም በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምሩ፣ ከሁለተኛው ጭማሪ በኋላ የመጀመሪያው 112.6 ላይ ሲሆን ሁለተኛው 113.9 ደርሶ ይቀድመዋል። ከዚያ በኋላማ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። የጡረታ መዋጮ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ እነዚህም በብዙ ቦታ የሚታሰቡት በደመወዙ ላይ ነው። አሠሪዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። አበል ማብዛት አንዳንዴ ቸርነት ሳይሆን ቁጠባ ነው።

ይህን ስል አበል አትቀበሉ ማለቴ አይደለም። ተቀበሉ እንጂ! በብዙ አገር አንዳንዱ አበል እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ግብር የለበትም፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የምለው ቋሚ ወጪያችሁን በደመወዛችሁ ልክ ስፉት ነው። ኪራዩ፣ የባንክ ብድሩ፣ ዕቁቡ በደመወዙ ይሸፈን። አበሉ የሚያጥር ነገር መሙያ ወይም ቁጠባ ይሁን። ከቤተሰብ የኪስ ገንዘብ የምትቀበሉ ተማሪዎችም ያው ናችሁ፤ ሰጪው ሲቸግረው መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱን ነው።

ውሎ አበል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ገንዘቡ የተሰጠው ለመንገደኛ ምግብና አልጋ ነው። ሰው ግን ገቢ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለት ቀን የሚበቃው ሥራ አምስት ቀን ይሆናል። ስልጠና ሲጠራ «ርዕሱ ምንድን ነው?» ሳይሆን «አበል አለው?» ይባላል። ደመወዙ የማያኖር ከሆነ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ብዙም አይገርመኝም፤ ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ የከፋዩ ነው። ቢሆንም አለቃችሁ ማን ለሥራ፣ ማን ለአበል እንደሚወጣ ቶሎ ይለያል። ደግሞ የምግቡን ገንዘብ ለማትረፍ ብላችሁ በመስክ ጾም አትዋሉ። ሆድ ባዶ ሆኖ የተሠራ ሪፖርት አይቼ አውቃለሁ።

አሠራሩንም ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት በቀን የተቆረጠ ልክ ይሰጣል፣ ደረሰኝ አይጠይቅም። ሌላው የሚከፍለው በደረሰኝ ብቻ ነው። ጋባዡ ምሳና አልጋ ከቻለ ደግሞ የዚያ ድርሻ ከአበሉ ይቀነሳል፤ ስትመለሱ «ቆረጡብኝ» ብላችሁ ከሒሳብ ክፍል ጋር እንዳትጣሉ።

ቅድሚያ ገንዘብ ወስዳችሁ ከሆነም በተመለሳችሁ ሰሞን አወራርዱ። ደረሰኙ ሳይጠፋ፣ የሄዳችሁበትም ቀን ሳይረሳ። ያልተወራረደ ሒሳብ ከደመወዝ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ሥራ ለቃችሁ ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳ ነጻ መሆናችሁን የሚገልጽ ወረቀት፣ ስትጠይቁም ፊታችሁ ተደንቅሮ ታገኙታላችሁ።