መልስ፦ በአሜሪካ ቤዝቦል ከጃኪ ሮቢንሰን በፊት በከፍተኛ ሊግ የተጫወተ ጥቁር ነበር ወይ?

አዎ፣ ነበር። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ከመሰለፉ 63 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሞሰስ ፍሊትዉድ ዎከር በ1884 ለቶሊዶ ክለብ 42 ጨዋታዎችን ተጫውቷል፤ ክለቡ የነበረበት አሜሪካን አሶሲዬሽንም በዘመኑ ከከፍተኛ ሊጎች አንዱ ነበር። ሮቢንሰን የከፈተው ከዎከር በኋላ የተዘጋውን በር ነው።

ዎከር ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀልብ ተጫዋች ነበር፤ ይህም የዛሬው ወፍራም ጓንት ባልነበረበት ጊዜ እጅን የሚሰብር ሥራ ነበር። የራሱ ቡድን ወርዋሪ ቶኒ ሙሌን፣ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር ቀላቢው የሚሰጠውን ምልክት ከጥቁር ሰው መቀበልን በመጥላቱ የፈለገውን ይወረውርበት እንደነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል፤ ያም ሆኖ አብረውት ከተጫወቱት ቀላቢዎች ሁሉ የሚበልጠው ዎከር መሆኑን መስክሯል። በዚህ ሁኔታ 0.263 የመምታት አማካይ (ከመቶ የመምታት ዕድል ወደ 26 ያህሉን በተሳካ ምት መጠቀም) ማስመዝገቡ፣ በእኔ እምነት፣ ከሚነገርለት በላይ ክብር ይገባዋል።

በሐምሌ 1887 ዎከር ለኒዋርክ ክለብ ይጫወትበት የነበረው ኢንተርናሽናል ሊግ ከጥቁሮች ጋር አዲስ ውል እንዳይፈረም ወሰነ። እርሱ ግን ወደ ሲራኪውስ ክለብ ተዛውሮ እስከ 1889 መጫወቱን ቀጠለ።

መዝገብ ሲያገላብጡ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ሊጉንም ያረጋግጡ። ዎከር በ1883ም ለቶሊዶ ተጫውቷል፤ ነገር ግን ክለቡ ያን ጊዜ በዝቅተኛ ሊግ ስለነበር ብዙዎች ሁለቱን ዓመታት ሲያደባልቁ አይቻለሁ። እንዲሁም በ1879 ለፕሮቪደንስ ክለብ አንድ ጨዋታ ያደረገው ዊልያም ኤድዋርድ ዋይት በባርነት ከነበረች እናት የተወለደ ቢሆንም እንደ ነጭ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ዎከርን «በግልጽ ጥቁርነቱ እየታወቀ የተጫወተ የመጀመሪያው» ብለው ቢጽፉ ይሻላል።