ለጠያቂዎቻችን፦ በጠባይ ማረሚያ ላሉ ልጆች የፈጠራ ጽሑፍ

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ልደታ በሚገኝ የወጣት ጥፋተኞች ጠባይ ማረሚያ በሳምንት አንድ ሰዓት የፈጠራ ጽሑፍ እንዳስተምር ተፈቅዶልኛል። በመጀመሪያው ቀን «የሕይወታችሁን ታሪክ ጻፉ» ልላቸው አስቤያለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ እባክዎ እሱን ይተዉት። የአንዳንዶቹ ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነው፤ ልጁ በእጁ የጻፈው ነገር ጥፋቱን እንዳመነበት ቃል ሊታይበት ይችላል። «እኔ» ከሚል ይልቅ «አንድ ልጅ» ብሎ ይጻፍ፤ ስለ ተከሰሰበት ነገርም አይጠይቁት።

በእንቆቅልሽ ይጀምሩ። «ምን አውቅልሽ» ብለው ሲመልሱልዎ ግማሹ ሥራ ተሠራ። ከዚያ ልጆቹ አንድ የቤት ዕቃ ስሙን ሳይጠሩ በሦስት መስመር ይግለጹ፦ «ጥቁር ናት፤ አንገቷ ረጅም ነው፤ እሳት ላይ ተቀምጣ ጎረቤት ትጠራለች።» ጀበና! «ቆንጆ ናት» ብሎ የሚያቆም ይኖራል። «ስትፈላ ምን ትላለች? ክዳኗ ከምንድን ነው?» ይበሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሰፈራቸው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ምን እንደሚሰማ ይጻፉ፤ የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ» ሲል የትኛውን ፊደል እንደሚስብ ሳይቀር።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለወጣት ጥፋተኞች ያወጣው ልዩ ድንጋጌ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ስለሚመለከት፣ ፊደል ያልቆጠረና 8ኛ ክፍል የደረሰ አጠገብ ለአጠገብ ሊቀመጡ ይችላሉ። መጻፍ ለማይችለው እርስዎ ቃል በቃል ይጻፉለት፤ ሌላ ልጅ እንዲጽፍለት አያድርጉ፣ ማታ መኝታ ክፍል መሳለቂያ ይሆናል። መልሰው ያንብቡለትና አንዷን መስመር ብቻ ራሱ ይገልብጣት። በሌላ ቋንቋ አፉን የፈታም በዚያው ይጀምር።

ቀይ እስክሪብቶ ይዘው አይግቡ። በሀ እና በሐ የታረመ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያውቃቸውን ቃላት ብቻ መርጦ ይጽፋል፤ ጽሑፉም እዚያው ይደርቃል።

ከ12 ልጅ በላይ አይቀበሉ፤ ለሁሉም ጆሮ አይበቃም። እርሳስ ቆጥረው ይስጡ፣ ቆጥረው ይረከቡ፤ አንድ ከጎደለ ሁሉም ይፈተሻሉ፣ ክፍሉም ሊታገድ ይችላል። የእርሳስ መቅረጫው እርስዎ ዘንድ ይሁን፣ ሽቦ ያለው ደብተርም ይቅር።

የዕለቱ ሥራ በዕለቱ ይለቅ፤ ልጁ ሳምንት ላይኖር ይችላል። ሲወጣ ጽሑፉን ይስጡት። «ለማንም አልናገርም» ብለው ግን ቃል አይግቡ፦ እየተጎዳ እንደሆነ ወይም ራሱን ሊጎዳ እንዳሰበ ከጻፈ ለኃላፊው እንደሚናገሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው።