«እኔ እኮ ሲ ነኝ» የሚለው ልጅ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ቦሳ አካባቢ ነው። ልጄ 5ኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ተማሪዎቹን በውጤት መደባቸው። ኤ የጎበዞች፣ ሲ የሰነፎች ክፍል ተባለ። የእኔ ልጅ ሲ ገባ፣ እህቱ ኤ ናት። አሁን አጥና ስለው «እኔ እኮ ሲ ነኝ» ይለኛል። አባቱ «እህትህን አታይም?» እያለ ይቆጣዋል። በዚህ የተነሳ እኔና ባለቤቴ በየቀኑ እንጣላለን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ የሰነፈ አልመሰለኝም። ያፈረ ነው የመሰለኝ። አጥንቶ ቢወድቅ «ሰነፍ» መባሉ እውነት ሊሆንበት ነው። ካላጠና ግን «ስላላጠናሁ ነው» ማለት ይችላል። ደብተሩን የሚሸሸው የቀረችውን ክብሩን ለማዳን ነው።

ስም መለጠፍ መምህሩንም ይለውጣል። ሮዘንታልና ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለመምህራን «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ይመነጠቃሉ» ተባለ። ልጆቹ ግን የተመረጡት እንዲሁ በዕጣ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በተለይ የ1ኛና የ2ኛ ክፍሎቹ ከእኩዮቻቸው የበለጠ ተሻሻሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ውጤቱ ያን ያህል ትልቅ እንዳልሆነ ቢያሳዩም፣ ነገሩ ወደ ታችም ይሠራል። ብዙ የማይጠበቅበት ልጅ ቀላል ጥያቄ ይሰጠዋል። ትንሽ ሲያመነታም ዕድሉ ለሌላው ያልፋል።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ሄደው ይጠይቁ። ምደባው በየስንት ጊዜው ይታያል? ሲ ክፍል የሚማረው ያንኑ መጽሐፍ ነው? ልጄ የደከመው በሁሉም ትምህርት ነው ወይስ በሒሳብ ብቻ? ለአንድ ትምህርት፣ ለአጭር ጊዜ ለይቶ ማገዝ ክፋት የለውም። ዓመቱን ሙሉ በሁሉም ትምህርት «ሲ» ማለት ግን ልጅ ይጎዳል፤ ይህንን ሳይፈሩ ይንገሯቸው።

ባለቤትዎ የሚያወዳድሩት ጨንቋቸው ይመስለኛል። ልጁ ፊት አይከራከሯቸው። ለብቻቸው ሲሆኑ አንድ ነገር ብቻ ይለምኗቸው፤ ማታ ማታ ሃያ ደቂቃ አብረውት ሒሳብ ይሥሩ፣ የእህቱ ስም ግን አይነሳ። እሷም ብትሆን «ከኤ ብወርድስ?» የሚል ፍርሃት ሊኖርባት ይችላል። ለሁለቱም የሠሩትን ለይተው ያመስግኑ፤ «ጎበዝ» ብቻ ብለው አይለፉት።

ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ካለ ወይም እንቅልፍ ካጣ አይጠብቁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ጤና ክፍል አለ፤ ይዘውት ይሂዱ፣ ከተቻለ ከአባቱ ጋር።