«የልጆች ጠብ ነው» እያሉ አሳደጉኝ

ጥያቄ፦ ያደግሁት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። እናትና አባቴ ገበያ ሲሄዱ በ7 ዓመት ከሚበልጠኝ ወንድሜ ጋር እቀራለሁ። በሩን ቀርቅሮ በዝተት ይጠቀልለኝና ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ይቀመጥብኛል። ከ6 ዓመቴ እስከ 13 እንዲህ ነበር። ለእናቴ ስነግራት «የልጆች ጠብ ነው፣ ወንድምሽ አይደለም እንዴ?» ትለኛለች። ዛሬ 34 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ብርድ ልብስ ሊደርብልኝ ሲል ደንግጬ እገፈትረዋለሁ። እናቴ ለፋሲካ የ6 ዓመት ልጄን ይዤ እንድመጣ እየለመነችኝ ነው፤ ወንድሜም እዚያው ነው፣ የተከበረ አባወራ ሆኗል። ቂመኛ ሆኜ ይሆን?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ቂመኛ አይደለሽም። በምክር ሥራዬ ስለ ባል በደል ደፍረው የሚነግሩኝ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ስለ ወንድም ግን «ነውር ነው» ብለው ዋናውን ውጠው ይሄዳሉ። አንቺ ጻፍሽው።

ጠብ ማለት ዛሬ እሱ፣ ነገ አንቺ የምታሸንፉበት፣ ማታ ገበታ ላይ የሚረሳ ነው። ሁልጊዜ አንዱ መቺ፣ ሌላው ተመቺ ከሆነ፣ በሩ ሲቀረቀር ሆድሽ ከራደ፣ ጥቃት ነው። ያኔ ነፍስሽን ለማትረፍ ሰውነትሽ መደንገጥን ተማረ፤ አደጋው ማለፉን ገና አላመነም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ በ12 ዓመታቸው በወንድም ወይም በእህት በሳምንት ብዙ ጊዜ ይጠቁ የነበሩ ልጆች 18 ሲሞላቸው በድብርት የተያዙት ካልተጠቁት በእጥፍ ገደማ ይበልጡ ነበር። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ።

እሱም ልጅ ነበር ይሉሻል። ሲጀምር ልጅ ነበር፣ እውነት ነው፤ እሱን ማረምም የወላጆቻችሁ ሥራ ነበር እንጂ ያንቺ ዕዳ አልነበረም። ይቅር ብትዪው እንኳ ልጅሽን አምነሽ ትተዪለታለሽ ማለት አይደለም። አንቺ ላይ በጀመረበት ዕድሜ ላይ ናት፤ ለደቂቃም ከእሱ ጋር ብቻዋን አትተያት።

ለእናትሽ «እማዬ፣ መጥቼ አይሻለሁ፤ እሱ ካለበት ግን አላድርም» በያት። ለምን ካለችሽ የዝተቱን ነገር አንድ በአንድ ንገሪያት። ብታለቅስም አታቋርጪ።

ለባለቤትሽም ዛሬ ማታ ንገሪው። ብርድ ልብሱን እስከ ወገብሽ ብቻ ያልብስሽ፤ ከዚያ በላይ ራስሽ ሳቢው።