መልስ፦ የኮንጎ «የሙት ልጆች» ጉዳይ

የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ በግሉ ይገዛት በነበረችው ኮንጎ ካቶሊክ ሚሲዮኖች የሰበሰቧቸው ልጆች እውነት ወላጅ አልባ ነበሩ ወይ ላልከው፣ ብዙዎቹ አልነበሩም። በ1890 እና በ1892 (እ.ኤ.አ.) የወጡ ድንጋጌዎች የሙት ልጆችን ሞግዚትነት መጀመሪያ ለመንግሥት፣ ቀጥሎ ለሚሲዮኖች ሰጡ። በታችኛው ኮንጎ በምትገኘው በኪሳንቱ ዙሪያ የነበሩት ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ልጆቹን በየመንደሩ አጠገብ ባቋቋሟቸው የእርሻ ጸሎት ቤቶች ያስተምሩም ያሳርሱም ነበር። የንጉሡ የራሱ አጣሪ ኮሚሽን በ1905 ጉዱን አወጣው፦ አብዛኞቹ የሙት ልጆችም በውል የተቀጠሩ ሠራተኞችም አይደሉም፤ እምቢ ለማለት ከማይደፍሩ የመንደር አለቆች የተጠየቁ ናቸው፤ የሚቆዩትም በግድ ነው። (በአካባቢው በሚኖረው በኮንጎ ብሔረሰብ ዘንድ ዘር በእናት ስለሚቆጠር፣ አባት ቢሞት እንኳ ለልጁ ኃላፊ የሚሆን የእናት ወንድም አለ።)

ሪፖርቱ ዓመት ሳይሞላው፣ በግንቦት 1906 ቫቲካን ከሊዮፖልድ መንግሥት ጋር ተዋዋለች፦ ለየሚሲዮኑ ከ100 እስከ 200 ሄክታር መሬት በነጻ፣ በምላሹ ትምህርት ቤት። ለፍትሕ ያህል፣ ኢየሱሳዊው አርተር ፌርሜርሽ በዚያው ዓመት አገዛዙን በይፋ ነቅፏል።