መልስ፦ ኤጀንቴ ዚፕ ኮድ ከራሱ እየፈጠረ አስቸገረኝ

ወንድሜ፣ «ኤጀንቱ ቱሉን ሳይጠይቅ ዚፕ ኮድ ከራሱ ይሞላል፤ ቱሉን ሲጠይቅም አንዳንዴ አራት አሃዝ ብቻ ይመጣል» ላልከው፣ ሁለቱ የተለያዩ ጣጣዎች ናቸው። (ኤጀንት ማለት ሥራ በራሱ የሚያከናውን የኤአይ ፕሮግራም ነው፤ ቱል እሱ የሚጠይቀው፣ እዚህ ላይ ኮዱን ከዳታቤዝ ፈልጎ የሚያመጣለት መሣሪያ፤ ዚፕ ኮድ ደግሞ የአሜሪካ ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ኮድ።)

አራት አሃዙ ቀላል ነው። ኮዱን እንደ ቁጥር ስላስቀመጥከው የፊቱ ዜሮ ተበልታለች፤ የቦስተኑ 02118 ዳታቤዝህ ውስጥ 2118 ሆኖ ቁጭ ብሏል። ወደ ስትሪንግ (እንደ ጽሑፍ የሚቀመጥ ዳታ) ቀይረው። የማይደመር፣ የማይባዛ ነገር ምን ቁጥር ያደርገዋል?

ግምቱን የሚያመጣው ግን ባዶ መልስ ነው። ቱሉ ሳያገኝ ሲቀር ባዶ ከመለሰ ሞዴሉ (ኤጀንቱን የሚያንቀሳቅሰው ኤአይ) ክፍተቱን በራሱ ይሞላዋል። «አልተገኘም፤ ተጠቃሚውን መንገዱንና ከተማውን ጠይቅ» የሚል ግልጽ ጽሑፍ ይመልስለት። የቱሉ መግለጫ ላይም «ኮድ ከማስታወስ አትጻፍ» ብለህ ጨምርበት።

ሌላው፣ ቱሉ ፖስታ ላይ የሚጻፈውን የከተማ ስምና ቦታው የሚተዳደርበትን አካባቢ ለየብቻ ይመልስ። ቨርጂኒያ ያለውን 22310 ውሰድ፤ ፖስታ ላይ «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ ይጻፋል፣ ቦታው ግን ከከተማው ወሰን ውጭ ፌርፋክስ ካውንቲ በሚባል ሌላ አስተዳደር ውስጥ ነው። እኔም በዚሁ ተሸውጃለሁ።

ደግሞ ዕቃ ወደ አገር ቤት የሚልክ ደንበኛ ካለህ ኮዱን ግዴታ አታድርገው። አዲስ አበባ ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ካስገደድከው ኤጀንቱ አምስት አሃዝ ፈጥሮ ይሰጥሃል።