«ቅኝቱ ጂ ማይነር» ማለት ያስኬዳልን?

ጥያቄ፦ ለሬዲዮ ዝግጅት የሙዚቃ ቅጂዎችን የሚያስተዋውቁ አጫጭር ጽሑፎች አዘጋጃለሁ። ስለ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ብራምስ 5ኛ የሀንጋሪ ዳንስ «ቅኝቱ ጂ ማይነር፣ ምቱ እጅግ ፈጣን፣ ስሜቱም ያዘነ አጭር የኦርኬስትራ ሥራ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ባልደረባዬ አንዱም አልተዋጠለትም። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ጆሮ አላቸው። ሦስቱም ቃላት የሚታረሙ ናቸው፤ ይበልጥ የሚያከራክረው ግን የመጀመሪያው ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

«ክራሩን ቃኘ» ስንል ክሮቹን እያጠበቀና እያላላ በድምፆቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን ርቀት አስያዘ ማለታችን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚለያዩትም በዚሁ ርቀት ነው። ድምፃዊቷ አልመቻት ብሎ ትዝታውን አንድ እርከን ዝቅ አድርጋ ብትጀምረው ዘፈኑ ያው ትዝታ ነው፤ ቅኝቱ ተለወጠ የሚል ሙዚቀኛ አይገኝም። «ጂ ማይነር» ግን ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፦ መነሻው ድምፅ ጂ መሆኑንና የድምፆቹ አደራደር ማይነር (ከሜጀር ጋር ከምዕራባውያን ሙዚቃ ሁለት ዋና አደራደሮች አንዱ) መሆኑን። ቅኝት የሚገልጸው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ለዚህ የጠየቁበት ሥራ ራሱ ምስክር ይሆናል። ብራምስ ዳንሱን እ.ኤ.አ. በ1869 ያሳተመው አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ለሚቀመጡ ሁለት ተጫዋቾች ሲሆን፣ የተጻፈውም በኤፍ ሻርፕ ማይነር ነበር። እርሱ በገዛ እጁ ለኦርኬስትራ ያዘጋጀው 1ኛውን፣ 3ኛውንና 10ኛውን ብቻ ነው። 5ኛውን ሌላ ሰው ሲያዘጋጀው በግማሽ ድምፅ ከፍ አለና ጂ ማይነር ሆነ። በእኛ አነጋገር ቅኝቱ እንዳለ ነው፤ ከፍ ያለው መነሻው ብቻ ነው። ስለዚህ «በጂ ማይነር የተጻፈ» ይበሉና ይለፉ። አንዳንዶች «ቁልፉ ጂ ማይነር ነው» ሲሉም እሰማለሁ፤ እሱን ግን አደራ! ቁልፍ የሚለው ቃል በኖታ መስመሮች መነሻ ላይ ለሚሰፍረው ምልክት ቢቀር ይሻላል።

ወደ «ምት» ስንመጣ፣ የጉራጊኛ ምት፣ የጎጃም ምት የምንለው የአመታቱን ዓይነት ነው። ጉራጊኛው ቀዝቀዝ ተደርጎ ቢመታም ጉራጊኛ ከመሆን አይወጣም። እንግዲያው ይህ ዳንስ «ባለ ሁለት ምት» ነው፤ ፈጣን የሚባለው ፍጥነቱ ነው። «እጅግ» የሚለውም ይውጣ። በኖታው ላይ የሰፈረው የፍጥነት ቃል አሌግሮ፣ ማለትም «ፈጣን» ነው፤ «እጅግ ፈጣን» ለፕሬስቶ ይቀመጥ። ከአሌግሮ አንድ ደረጃ ለሚያንሰው ለአሌግሬቶ ደግሞ አማርኛ «ፈጠን ያለ» የሚል የተዘጋጀ መልክ አለው። ዘግየት ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፦ ይህ የ«ያለ» ቤተሰብ ለሙዚቃ ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ሆኖ ሳለ ሁሉንም «በጣም» እና «እጅግ» ስንል እንውላለን።

አሌግሮ በጣልያንኛ ከፍጥነት አስቀድሞ «ደስተኛ» ማለት መሆኑም ይታወስ። አማርኛም የዚህ ዓይነት ቃል አላጣም፤ «ሞቅ ያለ ዘፈን» ያልነው ፈጣንም አስደሳችም ነው፤ የትኛው የትኛውን እንዳመጣው ማንም አይጠይቅም።

«ያዘነ» ያሰኘዎ ማይነር የሚለው ቃል ሳይሆን አይቀርም። ማይነር ሲሉ ለቅሶ፣ ሜጀር ሲሉ ሠርግ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። የእኛ ሙዚቀኞች «ትዝታ ሜጀር» የሚሉት ቅኝት በዚህ ሚዛን ከደስተኞቹ ወገን ሊቆጠር ነው፤ ስንት ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚያደምጠው ግን እሱኑ ነው። በአንጻሩ ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1940 በሠራው ፊልም ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ የደንበኛውን ጢም የሚላጨው ከዚሁ የጂ ማይነር ዳንስ ጋር እጁን እያስማማ ነው። ምላጩ ከቫዮሊኖቹ ጋር ሲሮጥ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። የመጀመሪያው ዜማ ኮስተር ያለ፣ ጥቂት ትካዜም ያለበት ነው ቢሉ አልቃወምዎትም። ማዘን ግን የሰሚው እንጂ የሙዚቃው አይደለም። «አሳዛኝ» ብለው እንዳይተኩትም፤ «አሳዛኝ አጨዋወት» ያለ ሰው ኦርኬስትራውን እየነቀፈ ነው የሚመስለው።

አንድ የዘለሉት ነገር አለ። ዳንሱ ከመካከሉ ላይ ወደ ጂ ሜጀር ይሻገራል፤ እዚያም ተጫዋቾቹ ፍጥነቱን ገታ ያደርጉና ወዲያው ይለቁታል፤ ደግመው ይገቱታል፤ ደግመው ይለቁታል። የአንዱ ኦርኬስትራ መሪ ቅጂ ከሌላው የሚለየው በአመዛኙ እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ቅጂ የሚያስተዋውቅ ሰው ሊያልፈው አይገባም። እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «በጂ ማይነር የተጻፈ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ፈጣንና ሞቅ ያለ ዳንስ ነው፤ ከመካከሉ ላይ ወደ ጂ ሜጀር ተሻግሮ ፍጥነቱን ገታ ለቀቅ ያደርጋል።»

«5ኛ የሀንጋሪ ዳንስ» የሚለውን «የሀንጋሪ ዳንስ ቁጥር 5» ቢሉት ደግሞ ለአድማጭ ይቀላል። በጠቅላላው 21 ናቸውና አድማጩ ቅጂውን ፈልጎ የሚያገኘው በቁጥሩ ነው።